ሕመሙ የጡንቻ ነው ወይስ የነርቭ?

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ የምትማር ወጣት ሐኪም ለታካሚዎች የሚታደል አነስተኛ መጽሐፍ እያዘጋጀች ነው። ርዕሱ የጡንቻ በሽታዎች፣ ቋንቋው አማርኛ። የበሽታዎቹን ስም በእንግሊዝኛ በቃሏ ይዛዋለች፤ ለገበሬው፣ ለባልቴቷ፣ ለታክሲ ረዳቱ ምን ብላ እንደምታስረዳ ግን ትምህርት ቤት አላስተማራትም። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእናቷ ወንድም ዘንድ ሄደች። አጎቷ ሙያውን ከአባታቸው የተማሩ ወጌሻ ናቸው። በጉልማሳነታቸው የአንድ እግር ኳስ ክለብ ወጌሻ ሆነው በረዶና ቅባት ይዘው ሜዳ ገብተዋል፤ ዛሬም የተጎዳ ሁሉ ደጃቸውን ያንኳኳል።

ክርክሩ የተጀመረው ቡናው ሳይቀዳ ነው።

ወጌሻው፦ እስቲ አንብቢው። በአማርኛ ቃል የለም ብለሽ ፈረንጅኛውን እንዳለ ደርድረሽው እንዳይሆን ብቻ!

ሐኪሟ፦ ቃልስ ሞልቷል ጋሼ። ያስቸገረኝ አንዱ ቃል ለብዙ ነገር መሥራቱ ነው። ባለፈው አንድ አባት «ጅማቴን አመመኝ» አሉኝ። ጡንቻው ይሁን፣ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ይሁን፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ይሁን፣ ነርቭ ይሁን በምን ልወቅ? ሰዉ ሁሉንም ጅማት ይላቸዋል።

ወጌሻው፦ እኔ ስዳስሰው የቱ እንደሆነ ይገባኛል። ደግሞ ኳስ ሜዳ ይሄ ችግር አልነበረም። ልጁ ሲሮጥ ውሎ ባቱ ድንጋይ ከሆነበት ስትራፖ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ከዞረበት ወለምታ፣ ከመጋጠሚያው ከወጣ ውልቃት፣ አጥንቱ ከሄደ ስብራት። ማን ተሳስቶ ያውቃል?

ሐኪሟ፦ ስትራፖ ላይ እንሳሳታለን። ቃሉ ከጣልያን የመጣ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ መቀደድ ማለት ነው። የጣልያን ሐኪም ስትራፖ ካለ የጡንቻው ክር ተበጥሷል ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ለተኮማተረውም ለተበጠሰውም ይለዋል። የተኮማተረ ባት ተስቦና ታሽቶ በደቂቃዎች ይለቃል። ገና የተበጠሰ ጡንቻ ከታሸ ግን የሚፈሰው ደም ይብሳል። ስሙ አንድ፣ ሕክምናው ተቃራኒ።

ወጌሻው፦ እሱስ ልክ ነሽ። የተበጠሰ ቦታ ላይ በረዶ እንጂ እጅ አይበዛም።

የጅማትና የጡንቻ ጉዳት ልዩነትም ሩጫ ለሚወድ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ልዩነት ቀድሞ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ሲያስቸግረው የቆየው የተረከዝ ጅማቱ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላም በቀዶ ሕክምና ታከመ። የተረከዝ ጅማት ከሰው ጅማት ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው ነው፤ ደም ግን ብዙም አይደርሰውም፤ ከተጎዳ የሚድነው በዝግታ ነው። ቀነኒሳ በቀለን ከ2010 ጀምሮ ከውድድር ያራቀው ደግሞ የባት ጡንቻ ጉዳት ነው። ጡንቻ ብዙ ደም ስለሚያገኝ ከጅማት ይልቅ ቶሎ ያገግማል ይባላል፤ ያም ሆኖ በ2011 ዴጉ ላይ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ የ10,000 ሜትሩን ፍጻሜ አቋርጦ ወጣ። በተራ ወሬ ግን ሁለቱም «የእግር ጉዳት» ይባላሉ።

ወጌሻው፦ ይሄ ማዮ፣ ማዮ የሚለውስ ምንድን ነው? ገጹን ሞልቶታል።

ሐኪሟ፦ ከግሪክ ነው። «ሚስ» ሲሉ ጡንቻም ነው፣ አይጥም ነው። ሮማውያንም ጡንቻን «ሙስኩሉስ» ሲሉ ትንሿ አይጥ ማለታቸው ነው። ክንድ ታጥፎ ሲዘረጋ ከቆዳው ሥር ብቅ ጥልቅ ሲል አይተው ይሆናል።

ወጌሻው፦ አይጥ! እኛ እንኳ ያወቅነው ከበሬ ነው። ሥጋ ቤት ሂጂና አዳምጪ። ሻኛ፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ፍሪምባ፣ ጭቅና። ሥጋ ቆራጩ አንዱን ከአንዱ የሚለየው ዐይኑን ጨፍኖ ነው። ትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያስተምራል?

ሐኪሟ፦ አስተምሮኛል። ፍሪምባ የምንለው የደረቱ ጡንቻ ነው። ጭቅና ደግሞ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተጋድሞ የሚወርደው ነው፤ እኛ ፕሶአስ እንለዋለን። በሬው ብዙ ስለማይሠራበት ለስላሳ ነው፤ ሰው ግን ጭኑን ወደ ሆዱ የሚያነሣው በእሱ ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። የአከርካሪ ቲቢ የያዘው ሰው መግሉ በዚህ ጡንቻ ሽፋን ውስጥ ተንሸራቶ ብሽሽቱ ላይ ሊያብጥ ይችላል። በሽታው ወገብ ላይ ነው፣ እብጠቱ ጭን ሥር። ጭቅና ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ያላወቀ ሐኪም እብጠቱን ብቻ በስቶ ይልከዋል።

የሰው አካል ከ600 በላይ ከአጥንት ጋር የተያያዙ ጡንቻዎች አሉት። የአብዛኞቹ ስም ሲፈታ ተራ ነገር ነው። ከክንድ ፊት ያለው ባይሴፕስ «ባለ ሁለት ራስ» ነው፤ ከኋላ ያለው ትራይሴፕስ «ባለ ሦስት ራስ»፤ ጂም የሚሠሩ ወጣቶች ኳድ እያሉ የሚያሳጥሩት የጭኑ ኳድሪሴፕስ «ባለ አራት ራስ»። የትከሻው ዴልቶይድ ስሙን ያገኘው ሦስት ማዕዘን ከሆነችው የግሪክ ፊደል ከዴልታ ነው። ከዳሌ ተነሥቶ ጭኑን አቋርጦ እስከ ጉልበት ውስጠኛ ጎን የሚወርደው፣ ከሁሉ ረጅሙ ጡንቻ፣ ሳርቶሪየስ ማለትም «ልብስ ሰፊው» ይባላል፤ የጥንት አውሮፓ ልብስ ሰፊ እግሩን አነባብሮ ስለሚቀመጥ። መርካቶ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፋውን ሰው ቢያዩ ኖሮ ስሙን ለባት ጡንቻ በሰጡት ነበር።

ሐኪሟ ግን ለመጽሐፉ የምትፈልገው እነዚህን አልነበረም። የጤናማ ጡንቻ ስም ባይታወቅ የሚጎድል ነገር የለም ባይ ናት። የበሽታ ስም ግን መፈታት አለበት፤ ምክንያቱም መነሻው የተጎዳውን አካል፣ መድረሻው የደረሰበትን ነገር ይናገራል። ማያልጂያ የጡንቻ ሕመም ነው፤ ጉንፋን ሲያንገላታን የሚቆረጥመን እሱ ነው። ማዮሳይቲስ የጡንቻ ብግነት ነው። ማዮፓቲ ደግሞ ጡንቻው ራሱ ታሟል ማለት ብቻ ነው፤ በምን እንደታመመ ገና አልተናገረም። እንዲያውም ይህ የመጨረሻው ስም የሐኪሙ ፍርድ ሳይሆን የምርመራው መጀመሪያ ነው ቢባል ይሻላል። «ማዮፓቲ አለብህ» ተብሎ ካርዱን ይዞ የወጣ ታካሚ ተመልሶ «የምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ወጌሻው፦ እሺ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ይሄን ሁሉ አያውቅም። «ደከመኝ» ይላል፣ በቃ።

ሐኪሟ፦ ችግሩ እሱ ነው! እንቅልፍ ያጣም ደከመኝ ይላል፣ ደም ያነሰውም፣ ሐዘን የገባውም። እኔ ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው። ያምምዎታል? ወይስ ሳያምም አልነሣ ይላል? ወይስ መጀመሪያ ይነሣና እየሠሩበት ሲሄዱ ይከዳዎታል? ሦስቱ ሦስት ዓይነት በሽታ ናቸው። ለሁለተኛው «የጡንቻ ስንፈት» ልል ነበር።

ወጌሻው፦ እንዳታደርጊው! ስንፈት የሚል ወረቀት ሆስፒታል በር ላይ ብታድይ ወንዱ ሁሉ ሌላ ነገር መስሎት ኪሱ ውስጥ ይደብቀዋል። ሰው ሲናገር እኮ «እጄ አልታዘዝ አለኝ»፣ «እግሬ ከዳኝ» ነው የሚለው። ያንን ጻፊ። ለሦስተኛው ደግሞ «ዛለ» አለልሽ። ተሸክሞ ተሸክሞ ክንዱ ዛለ።

«አልታዘዝ ማለት» እና «መዛል» ወረቀቱ ላይ ሰፈሩ። በዚህ ነጥብ አጎትየው ትክክል ናቸው። ከስፔሻሊስት የሚጠበቀው የመጀመሪያ ጥያቄ በሁለት ተራ የአማርኛ ግሦች ይጠየቃል፤ ሁለቱንም ማንኛዋም እናት ታውቃቸዋለች።

ወጌሻው፦ የሚዝለው የትኛው በሽታ ነው?

ሐኪሟ፦ ማያስቴኒያ ግራቪስ። ስሙ ቃል በቃል «ከባድ የጡንቻ መዛል» ነው። ጠዋት ደህና ትነሣለች፤ ወደ ማታ የዐይኗ ቆብ ይወድቃል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። እንጀራ ማኘክ ስትጀምር ደህና ናት፣ መሶቡ ሳይጋመስ መንጋጋዋ ይደክማል። ስታወራ ቆይታ ድምፅዋ በአፍንጫዋ ይወጣል። ስታርፍ ይመለስላታል።

ወጌሻው፦ እንዲህ ያለውን እኔም አይቻለሁ። ሰዉ የሰው ዐይን ነው፣ መጋኛ ነው ሲል ሰምቻለሁ። ጠዋት ደህና ስትሆን ደግሞ አስመሳይ ናት ይሏታል።

ሐኪሟ፦ ሐኪሙም ይላታል ጋሼ! ተረኛው ጠዋት መርምሮ «ጤነኛ ነሽ» ይላታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ ረጅም ስታወራ መናገር የሚያቅታትን ሴት ገልጿል። መድኃኒቱ የተገኘው ግን ከ250 ዓመታት በኋላ ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ቆም ብሎ መነገር ያለበት ነው። በ1934 ለንደን ግሪኒች ውስጥ በሴንት አልፌጅ ሆስፒታል የምትሠራ ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም ነበረች። ስመ ጥር ፕሮፌሰር አልነበረችም፤ ሆስፒታሉም የድሆች ነበር። የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን በሚነክሩበት ኩራሬ የተመረዘ ሰውና የማያስቴኒያ ሕመምተኛ እንደሚመሳሰሉ ልብ አለች። የኩራሬ ማርከሻ ፊዞስቲግሚን መሆኑ ይታወቅ ነበር። ማርከሻው ለመርዙ ከሠራ ለሕመሙስ? አንዲት ሕመምተኛዋን መድኃኒቱን ወጋቻት፤ የወደቀው የዐይን ቆብ ተነሣ፣ መዋጥም ቀለላት። ዛሬ ማያስቴኒያ የያዘው ሰው የሚውጠው ፒሪዶስቲግሚን የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው።

ለምን እንደሚሠራ የታወቀው ቆይቶ በ1970ዎቹ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ንጥረ ነገር ልኮ ነው፤ ጡንቻው ላይ መልእክቱን የሚቀበሉ አሉ። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ተቀባዮች እንደ ጠላት ቆጥሮ ይመታል። ትእዛዙ ይላካል፣ ተቀባዩ ግን ጥቂት ነው። መድኃኒቱ መልእክተኛው ቶሎ እንዳይፈርስ ያቆየዋል። ስለዚህ በስሙ ጡንቻ ቢጠራም ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ ነርቩም ጤነኛ ነው። የታመመው ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ ነው።

ሐኪሟ፦ መጽሐፉ ላይ በደማቁ የማሳትመው አንድ ነገር አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሌላ ሕመም ገጥሞት ክሊኒክ ሲገባ አስቀድሞ ይናገር። እንደ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የወባው ኩዊኒን ያሉ መድኃኒቶች መተንፈሻ ጡንቻውን ሊያዝሉት ይችላሉ። ስለዚህ ይሄን ስም አልተረጉመውም፤ «ማያስቴኒያ ግራቪስ» ብሎ በቃሉ ይያዘው። የትም ከተማ፣ የትም አገር ቢሄድ የሚያድነው እሱ ነው።

ወጌሻው፦ ጠበልስ ቢሄዱ?

ሐኪሟ፦ ይሂዱ። ኪኒኑን ግን ይዘውት ይሂዱ፤ በሰዓቱም ይዋጡ።

ሌላው ረጅም ክርክር የተነሣው በባት ጉዳይ ነው።

ወጌሻው፦ ባቱ የፈረጠመ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል። ይሄ ሯጭ ነው እላለሁ።

ሐኪሟ፦ ባቱ ፈርጥሞ ግን ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፣ በጣቱ ጫፍ የሚሄድ የ4 ወይም የ5 ዓመት ወንድ ልጅ ቢያመጡልዎስ?

ወጌሻው፦ አሸዋለሁ፣ ምን አደርጋለሁ!

ሐኪሟ፦ አያሹት። መሬት ላይ ያስቀምጡትና ተነሥ ይበሉት። በአራት እግሩ ከሆነ፣ ከዚያም በእጁ ጉልበቱን፣ ጭኑን እየተመረኮዘ በራሱ አካል ላይ እየወጣ ከቆመ ለሐኪም ይላኩት። እንግሊዛዊው ዊልያም ጋወርስ በ1879 ገልጾታል፤ የምልክቱ መጠሪያ እስከ ዛሬ የእሱ ስም ነው። በሽታው ዱሼን ማስኩላር ዲስትሮፊ ነው። ባቱ የፈረጠመው በጡንቻ አይደለም፤ ጡንቻው እየሞተ ቦታውን ስብና ጠባሳ ይዞት ነው።

ወጌሻው፦ ዲስትሮፊው ምን ማለት ነው?

ሐኪሟ፦ እሱ እንኳ አሳሳች ነው። የተበላሸ አመጋገብ እንደማለት ነው።

ወጌሻው፦ ታዲያ አጥሚት፣ ወተት ብንሰጠውስ?

ሐኪሟ፦ አየህልኝ ስሙ የሚያደርገውን! ይቅርታ፣ አዩልኝ። እናቶች «በደንብ ስላላበላሁት ነው» ብለው ያለቅሳሉ። የልጁ ሆድ ጠግቧል።

ጥፋቱ ያለው በዘር ውርስ መልእክቱ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ጊዮም ዱሼን በ1860ዎቹ በሽታውን ዘርዝሮ ጻፈ፤ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜሪዮን ከእሱ ቀድሞ ተመሳሳይ ወንድማማቾችን ገልጾ ነበር፤ ስሙ ግን ለዱሼን ቀረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካዊው ሉዊስ ኩንከል ቡድን የተበላሸውን ጂን አገኘ። በሰው ውስጥ ከሚታወቁት ጂኖች ሁሉ ግዙፉ ነው፤ የሚሠራውም ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን፣ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ እንዳይቀደድ የሚደግፍ ነው። ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ በሽታው ከሞላ ጎደል የወንዶች ነው። ከእናት ሊወረስ ይችላል፤ በቤተሰቡ ውስጥ በማንም ላይ ያልነበረ ሆኖ በልጁ የሚጀምርበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፈውስ የለውም። ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ መድኃኒቶች ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ዘመን ያራዝማሉ፤ ቁርጭምጭሚቱን በየቀኑ በለሆሳስ መሳብም እግሩ ተኮራምቶ እንዳይቀር ይረዳል። ወጌሻው «ይሄንንስ እኔም እችላለሁ» አሉ፤ ሐኪሟ አልተቃወመችም።

አጎትና የእህት ልጅ በጣም የተስማሙት ደግሞ ስለ አሮጌዎቹ የአማርኛ ስሞች ሲነሣ ነው። ፖሊዮን ሕዝቡ የልጅነት ልምሻ ይለዋል፤ ቴታነስን መንጋጋ ቆልፍ። የክትባት ማስታወቂያ ሳይቀር በእነዚህ ይጠራቸዋል። ሁለቱም የሚታየውን በትክክል ይናገራሉ፤ እግሩ ይለመሽሻል፣ መንጋጋው ይቆለፋል። በሁለቱም ግን ጡንቻው ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ፖሊዮ ጡንቻን የሚያዙትን የኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት ይገድላል፤ አዛዥ ያጣ ጡንቻ ይሟሽሻል። የቴታነስ መርዝ በተቃራኒው «በቃ፣ ላላ» የሚለውን ትእዛዝ ያግዳል፤ የሚያላላው ያጣ ጡንቻ ይገተራል። የአፍሪካ አህጉር ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኑ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ታውጇል። ቴታነስ ግን በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ ክትባቱ ማብቂያ የለውም።

ወጌሻው፦ ጓያ ሰበርን አትርሺ።

ሐኪሟ፦ እንዴት እረሳዋለሁ! የእኛው አገር በሽታ አይደል። በሕክምናው ላቲሪዝም ይባላል።

ወጌሻው፦ እኔ ጋ በዱላ እየተደገፉ ይመጡ ነበር፤ እግራቸው እንደ መቀስ ይጠላለፋል። ሳሻቸው ለጊዜው ይላላሉ፣ ማግሥቱን እዚያው ናቸው። የጓያው እንፋሎት ነው የመታን ይላሉ።

ሐኪሟ፦ እንፋሎቱ አይደለም፣ ፍሬው ነው። ጥፋቱም ባታቸው ላይ አልነበረም፤ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ነው የተጎዳው። ለዚህ ነው ማሸቱ የማይዘልቀው።

ጓያ ድርቅ የማይበግረው እህል ነው። ዝናብ ሲቀር ሌላው ይጠወልጋል፣ እሱ ይቆማል። ጉዳቱም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ በክፉ ቀን ቤተሰቡ ለወራት እሱን ብቻ ይበላል። በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ነርቭን ይጎዳል፤ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። በ1970ዎቹ ደምቢያና ፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ደላንታ በወረርሽኝ መልክ መታ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በየገጠሩ ዞረው ያጠኑት በመሆኑ ስለዚህ በሽታ ዓለም ከሚያውቀው ብዙው ከኢትዮጵያ የወጣ ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል፤ እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን አብዝቶ መብላት ያባብሰዋል። የራበውን ሰው ግን ቀላቅል ማለት የሚቀላቀል ከተገኘ ነው።

ራብዶማዮላይሲስ የሚለው ረጅም ስም አጎትየውን አሳቃቸው፤ ሲፈታ ግን ጸጥ አሉ። የጡንቻ መፍረስ ነው። ብዙ ጡንቻ በአንዴ ሲሞት ይዘቱ ደም ውስጥ ይፈስና ኩላሊትን ይዘጋል፤ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል። ተመራማሪዎቹ ባይዋተርስና ቢል በ1941 የጻፉት የጀርመን ቦምብ ባፈረሰው ቤት ፍርስራሽ ሥር ተጭነው ቆይተው ከወጡ በኋላ በኩላሊት መታወክ ስለሞቱ ሰዎች ነው። ሳይለማመድ በአንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ክብደት ያነሣ የጂም ጀማሪም፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አቶርቫስታቲንን የመሰለ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሊገጥመው ይችላል። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ላይ ድርጭት በልተው የተቀሠፉት እስራኤላውያን በሽታ ይኸው ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ መርዘኛ ዘር የበላ ድርጭት ይህን እንደሚያመጣ በሜዲትራኒያን አካባቢ ታይቷልና። ወጌሻው ቅዱስ ቃሉ እንደተጻፈ ይበቃኛል ብለው አለፉት።

የመጨረሻው ቃል ፋሲያ ነበር፤ ሐኪሟ ሆን ብላ ወደ መጨረሻ የገፋችው ይመስላል።

ሐኪሟ፦ ፋሻ ከየት የመጣ ቃል ነው ጋሼ?

ወጌሻው፦ ከጣልያን ነዋ።

ሐኪሟ፦ ከጣልያን። እነሱ ከላቲን፤ ማሰሪያ ማለት ነው። የጡንቻ ስብስብ ሁሉ እግዜር የጠቀለለለት ፋሻ አለው። እኛ ፋሲያ እንለዋለን። ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም። ክንድ ሲሰበር ጡንቻው ያብጣል፤ ፋሻው አይሰፋለትም። ከላይ ደግሞ እርስዎ በቀርከሃና በጨርቅ ሁለተኛ ፋሻ ጨምረው ያጠብቁታል።

ወጌሻው፦ ካልጠበቀ አጥንቱ ይንሸራተታል እኮ ልጄ።

ሐኪሟ፦ ከጠበቀ ደሙ ይቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። ጀርመናዊው ሪቻርድ ቮልክማን በ1881 ተኮራምቶ የቀረውን እጅ አይቶ ምክንያቱ የጠበቀ ማሰሪያ ነው ብሎ ጽፏል፤ ለፈረንጅ ሐኪሞች ነው የጻፈው፣ ለወጌሻ አይደለም። የእኛ ሆስፒታሎች ግን ዛሬም እንዲህ ጠቁሮ የመጣ የልጅ ክንድ ይቆርጣሉ።

ወጌሻው ወዲያው አልመለሱም። ቆይተው ደሙ መቆሙን ለማወቅ ጣት የምታይበትን ዘዴ ጠየቋት፤ እሷም ነገረቻቸው። ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ እያደር የሚብስ ሕመም። ሌላ ሰው ጣቱን ሲያቀናለት የሚያስጮህ። መደንዘዝ። የገረጣ ወይም የቀዘቀዘ ጣት። እሳቸውም እንዳሠሩ ሰውየውን አለመሸኘትን፣ በዚያው ሌሊት እንዲታይ ማድረግን ጨመሩ። ይህ ከንቱ ተስፋ አይደለም፤ ወጌሾችን ሰብስበው አጭር ሥልጠና የሰጡ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው እጅና እግር ቁጥር መቀነሱን በሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ወጌሻን ከመክሰስ ማስተማር ይበልጣል የሚለው የሐኪሟ አቋም በዚህ የተደገፈ ነው።

መጽሐፉ ገና አልታተመም፤ የመጨረሻው ገጽ ግን ተጽፎ አልቋል። በቤትዎ ክንዱ ወይም እግሩ የታሠረ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ጣቶቹን ይዩለት። ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ሲያቀኗቸው ካስጮኹት ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ይፍቱት፣ እጁን ወይም እግሩን በልቡ ቁመት ልክ ያሳርፉትና ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። እስኪነጋ አይጠብቁ።